ዘጠኝ ዓይነት ቅጠል፣ አንድ ገበታ

ታናሽ እህቴ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ ስትሄድ እናታችን ሻንጣዋ ውስጥ የከተተችላት ሽሮና በርበሬ ብቻ አልነበረም። ኤርፖርት በር ላይ አንገቷን አቅፋ፣ “ብቻሽን እንዳትበዪ፤ ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል” ብላታለች። እህቴም ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ስትደውል እናታችን መጀመሪያ የምትጠይቃት ያንኑ ነበር። “ዛሬ ከማን ጋር በላሽ?” እህቴ ደግሞ ሁልጊዜ መልስ አታጣም። ከጓደኞቼ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ ከሥራ ልጆች ጋር።

ውሸቷን እንደነበር የነገረችኝ ባለፈው ዓመት ነው። ኒው ኦርሊንስ ከተማ በሆስፒታል ረዳት ነርስ ሆና ሁለት ፈረቃ ትሠራለች። ለዓመታት እራቷን የበላችው ፍሪጅ ተደግፋ፣ ቆማ፣ ከሣህን ሳይሆን ከዕቃው ነው። እናታችን ስታርፍ ወረቀቷ ስላላለቀ ለቀብር መምጣት አልቻለችም። ያን ሰሞን መብላቱንም ተወችው። አሥራ አንድ ኪሎ ቀነሰች።

የመለሳት አንድ ሣህን ቀይ ባቄላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በኒው ኦርሊንስ ሰኞ ቀይ ባቄላ በሩዝ የሚበላበት ቀን ነው። በድሮ ጊዜ ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለነበር ሴቶቹ ከእሑድ የተረፈውን የአሳማ አጥንት ከባቄላው ጋር ጥደው፣ ድስቱ በራሱ ጊዜ እየተንተከተከ እነርሱ ልብስ ያጥቡ ነበር። ስመ ጥሩው የጃዝ ሰው ሉዊ አርምስትሮንግ ይህን ምግብ ከመውደዱ የተነሣ ደብዳቤዎቹን ሲፈርም እንኳ ስሙን ያነሣው ነበር። አንዲት የሆስፒታሉ የልብስ ክፍል ሠራተኛ እህቴ ምሳ እንደማትበላ ታዝባ አንድ ሰኞ በዕቃ አምጥታ ፊቷ አስቀመጠች። አሳማ አንበላም ብላ እህቴ ስትግደረደር ሴትዮዋ ዕቃውን መልሳ ወሰደች። በሚቀጥለው ሰኞ ያለ አሳማ ሠርታ መጣች። “አሁንስ?” አለቻት። እህቴ በላች፤ አለቀሰችም። ከወር በኋላ ያቺው ሴት ወደ እራት ማኅበራቸው ወሰደቻት።

ማኅበር ሲባል

እኛ ማኅበር ስንል ጽዋ፣ ድፎ ዳቦና ጠላ ይታወሰናል። የእነርሱ ማኅበር ታቦት የለውም፤ ሥርዓቱ ግን ከእኛው ብዙም አይርቅም። አባላቱ አሥራ አራት ናቸው። በወር አንድ ሐሙስ ከከተማዋ ምግብ ቤቶች በአንዱ ይሰበሰባሉ። ምግብ ቤቱን የሚመርጠው ባለተራው ነው። ሁሉም የየራሱን ይከፍላል፤ የመጣው ሣህን ግን የማንም አይደለም፤ ገበታውን ይዞራል። ስልክ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ሁለት ወር ተከታትሎ የቀረ ሰው ካለ አንዱ ቤቱ ሄዶ በር ያንኳኳል።

የተጀመረው ከጎርፉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ የከተማዋ መከላከያ ግድቦች ሲደረመሱ ከኒው ኦርሊንስ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። ከወራት በኋላ ወደ ሰፈራቸው የተመለሱት ጥቂት ጎረቤቶች ማእድ ቤት አልነበራቸውም። ምድጃው ዝጎ፣ ግድግዳው ሻግቶ ነበር። ከተከፈቱት ጥቂት ምግብ ቤቶች በአንዱ እየተገናኙ በአንድ ጠረጴዛ መብላት ጀመሩ። ቤቶቹ ቢታደሱም ጠረጴዛው አልተበተነም።

እህቴ በዚህ ማኅበር ሦስት ዓመት ሆኗታል። ነገር ግን አንድ የደበቀችው ነገር ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር “የሌሊት ፈረቃ ነኝ” እያለች ትቀራለች። ለሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደማትቀምስ ማስረዳቱ ከበዳት። “የሰው ገበታ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን አልበላም፣ ያን አልበላም ከምል ብቀር ይሻላል” ትለኛለች። እንግድነት ያመጣው ይሉኝታ ነው።

ዘንድሮ ግን ማምለጫ አጣች። ምግብ ቤት የመምረጡ ተራ የእርሷ ሆነ፤ ቀኑም በጾሙ መካከል ዋለ። የእነርሱ ፋሲካ ከእኛ አንድ ሳምንት ስለቀደመ ያ ሐሙስ ለእነርሱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ጭንቀቷን ለማኅበሩ አንጋፋ፣ ጡረታ ለወጡ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ተናገረች። መምህርቷ ሳቁ አሉ። “ልጄ፣ በጸሎተ ሐሙስ በዚህ ከተማ ምን እንደሚበላ ማንም አልነገረሽም?”

ድስቱ ውስጥ ማን ማን አለ?

እኔ የደረስኩት ለዚሁ እራት ነው። ከአዲስ አበባ ሄጄ ሁለት ሳምንት ልሰነብት ከእህቴ ጋር ነበርኩ። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ የምግብ ቤቱን ስም አልጠቅስም። ትልቅ አይደለም፤ የእንጨት ወለል፣ ጣራው ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ፣ እንደ ክር የረዘመ አንድ ጠረጴዛ። ከማእድ ቤቱ የሚወጣው ሽታ ግን በሩ ላይ አስቆመኝ። የቁሌት ሽታ ነበር። ሽንኩርቱ ሲቁላላ የሚሸተው እኛ ቤት የሚሸተውን ነው።

ክሪኦል የሚለው ቃል መጀመሪያ በቅኝ ግዛት የተወለደ ሰው ለማለት የዋለ ነው። ኒው ኦርሊንስን ፈረንሳዮች በ1718 መሠረቷት። በዓመቱ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያንን የጫኑ መርከቦች ደረሱ። ከዚያ ስፔን ገዛቻት፤ በ1803 አሜሪካ ከፈረንሳይ ገዝታ የግሏ አደረገቻት። ምግቡም ይህንኑ ታሪክ ይዟል። ዋናው ወጣቸው ጋምቦ ይባላል። ስሙ በአንዳንድ የባንቱ ቋንቋዎች ባምያ ከሚጠራበት “ኪንጎምቦ” ከሚል ቃል እንደመጣ ብዙዎች ይስማማሉ። በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከጓሮ የሚለቀመው ያው ባምያ ማለት ነው። ዱቄትን በዘይት ወይም በቅቤ እያመሱ እስኪጠቁር ማብሰል፣ “ሩ” የሚሉት፣ ከፈረንሳዮች ነው። ወጡን የሚያወፍረው የደረቀና የተፈጨ የሳሳፍራስ ቅጠል ደግሞ ቾክቶ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነው። ሽንኩርት፣ ሰለሪና የፈረንጅ ቃሪያ አንድ ላይ ተከትፈው የሁሉም ድስት መነሻ ይሆናሉ፤ እነርሱም “ቅድስት ሥላሴ” ብለው ይጠሯቸዋል። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አማተብኩ፤ እርሷም መጀመሪያ ስትሰማ እንዲሁ ነበር ያደረገችው።

እንግዲህ ባሪያ ፈንጋዩም፣ የተፈነገለውም፣ መሬቱን የተነጠቀውም በአንድ ድስት ውስጥ አሉ። ጣፋጭ መሆኑ ታሪኩን አያስረሳም። ማብሰሉን በአብዛኛው የሠሩት ጥቁር ሴቶች ናቸው፤ በብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ግን ቁጭ ብለው መብላት አይፈቀድላቸውም ነበር።

የጸሎተ ሐሙሱ ጋምቦ

በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው “ጋምቦ ዜርብ” ይባላል፤ የቅጠል ጋምቦ እንደማለት ነው። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ የቀይ ሥርና የካሮት ቅጠሉ ሁሉ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ አንድ ይሆናል። የቅጠሉ ዓይነት ቁጥሩ ጎደሎ መሆን አለበት፤ ሰባት ወይም ዘጠኝ። በገባው ቅጠል ዓይነት ልክ በዓመቱ ውስጥ አዲስ ወዳጅ ታገኛለህ ይላሉ። ብዙዎች ለስቅለቱ ጾም ስንቅ ይሁን ብለው ሥጋና ቋሊማ ይጨምሩበታል፤ ለጾም ያለ ሥጋ የሚሠሩትም አሉ። እኛ በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንደምንበላው መሆኑ ነው።

መምህርቷ ከምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ጋር ሦስት ቀን ቀድመው ተነጋግረዋል። ለገበታው አንድ ድስት በሥጋ፣ አንድ ድስት ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ በዘይት ብቻ።

አስተናጋጁ ዳቦ አቅርቦ፣ መጠጥ ታዝዞ፣ ባለተራው የሚናገርበት ሰዓት ደረሰ። እህቴ ተነሣች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። “ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ወቅት የሌሊት ፈረቃ ነኝ ስላችሁ ውሸቴን ነበር” አለች። ስለ ጾሙ ነገረቻቸው። ስለ እናታችን ነገረቻቸው። በስልክ “ከጓደኞቼ ጋር በላሁ” እያለች ፍሪጅ ተደግፋ ስለመብላቷም ነገረቻቸው። “እናቴን ዋሸኋት። እናንተንም ዋሸሁ። ዛሬ ግን ከማን ጋር በላሽ ብትለኝ የምመልሰው አለኝ” ብላ ተቀመጠች።

ጸጥ አለ። ባቄላውን ያመጣችላት ሴት በናፕኪን ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ባልጠበቅነው በኩል ድምፅ ተሰማ። ጡረታ የወጡ ነጭ የትራም ሹፌር ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ሁልጊዜ ቀልድ የሚያወሩ ሰው እንደሆኑ እህቴ ነግራኛለች። “ውሸት ከተነሣ እኔም አንድ አለኝ” አሉ ወደ መምህርቷ እያዩ። “እናቴ በወጣትነቷ በካናል ጎዳና በአንድ መደብር የምሳ መስኮት አስተናጋጅ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ጠረጴዛ ከአንቺ ጋር ስበላ ይህን አልነገርኩሽም።”

አንድ ብርጭቆ ውኃ

ይህ ንግግር ለምን ገበታውን እንዳደረቀው ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ካናል ጎዳና የኒው ኦርሊንስ ዋና የገበያ መንገድ ነው። በዘር መለያየት ሕግና ልማድ ዘመን ጥቁሮች በመደብሮቹ ዕቃ መግዛት ይችሉ ነበር፤ በምሳ መስኮቱ ወንበር ላይ ግን መቀመጥ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1960 ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አብረው በእነዚህ መስኮቶች ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ታሰሩም። ክሳቸው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1963 ተረቱላቸው። በምግብ ቤቶች ዘር መለየትን በመላ አገሪቱ የከለከለው ሕግ የወጣው በ1964 ነው።

መምህርቷ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ታሪካቸውን ማኅበርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። የትምህርት ቤት ጫማ ሊገዛላቸው ከእናታቸው ጋር ሄደው፣ ሙቀቱ አድክሟቸው፣ መስኮቱ ላይ ውኃ ጠየቁ። አስተናጋጇ ፊቷን አዞረች። እናታቸው እጃቸውን ይዘው እስከ ቤት በእግር ወሰዷቸው፤ በመንገዱ ሁሉ አንድም ቃል አልተናገሩም።

አሁን ሁላችንም እርሳቸውን አየን። እኔ እንግዳዋ ትንፋሼን ዋጥኩ። የአሥራ ሰባት ዓመት ወዳጅነት እዚያው ሊፈርስ ይችል ነበር። መምህርቷ ጥቂት ቆይተው፣ “እናትህ ቀይ ፀጉር ነበረች?” ብለው ጠየቁ። “አልነበረችም፤ ጥቁር ነው” አሉ ሰውዬው። “እንግዲያው እርሷ አይደለችም። እርሷም ብትሆን የማስታውሰው ጥማቱን ነው” አሉ መምህርቷ። ቀጥለውም፣ “እናትህ ስለዚያ ሥራ አንስታ ታውቃለች?”

“አንድ ጊዜ። ልትሞት ስትል። ‘ልጆቹ ሲጠይቁኝ አላያቸውም ነበር’ አለችኝ።”

መምህርቷ የውኃ ማንቆርቆሪያውን አነሱ። የሰውየውን ብርጭቆ ሞሉ፤ የራሳቸውን ሞሉ። “ዳቦውን ወዲህ አሳልፍልኝ፤ ጋምቦው እየመጣ ነው” አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል አልወጣቸውም። ሰውየውም አልጠየቁም። ግን ዳቦው አለፈ።

ፎቁ ላይ ያለው ክፍል

ጋምቦው በትልቅ ሳህን እየጨሰ ሲመጣ ወሬው ወደ ሊያ ቼዝ ዞረ። በዚህች ከተማ የቅጠል ጋምቦ ተነሥቶ የእርሳቸው ስም አይቀርም። ሊያ ቼዝ በ1923 ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው በከተማዋ የነጮች ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆነው ሠርተዋል። ጥቁሮች እንዲህ ያለ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ገበታ ለምን አይኖራቸውም የሚለው ሐሳብ ያደረባቸው እዚያ ነው። በ1946 የዱኪ ቼዝ ቤተሰብን ልጅ አገቡ። የባላቸው ወላጆች የሳንድዊች ቤት ነበራቸው፤ ሊያ ግን ወደ ሙሉ የክሪኦል ምግብ ቤት ለወጡት። ጥቁር ሠዓልያን ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቦታ ባልነበራቸው ጊዜ ግድግዳውን በሥዕሎቻቸው ሞሉት።

ከሁሉም በላይ የሚታወሰው ፎቁ ላይ ያለው ክፍል ነው። ጥቁርና ነጭ በአንድ ገበታ መቀመጥ ሕግ መጣስ በነበረበት ዘመን የመብት ታጋዮች እዚያ እየተሰበሰቡ ጋምቦና የተጠበሰ ዶሮ እየበሉ ይመካከሩ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግና ተርጉድ ማርሻል በዚያ ቤት ተመግበዋል። ፖሊስ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ የሚወደውን ቤት በሩን ሰብሮ መግባት ምን እንደሚያስከትልም ያውቅ ነበር።

ካትሪና ያን ቤትም አጥለቅልቆት ነበር። ሥዕሎቹ ተረፉ። ሊያና ባለቤታቸው ከምግብ ቤቱ አጠገብ በተጎታች ቤት እየኖሩ ጠበቁ፤ በ2007 በሩ ዳግም ተከፈተ። በዓመቱ ባራክ ኦባማ ለምርጫ ቅስቀሳ መጥቶ ሳይቀምስ ጋምቦው ላይ የሚያቃጥል ሶስ ቢያፈስ ገሠጹት። የዋልት ዲዝኒ የ2009 ፊልም ጀግና ቲያና የተቀረጸችው እርሳቸውን መነሻ አድርጋ ነው፤ ልጆቻችሁ ያውቋታል። በ2019 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በየጸሎተ ሐሙሱ በዘጠኝ ዓይነት ቅጠል ጋምቦ ይሠሩ ነበር።

የቀረበልን ጋምቦ መልኩ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከላዩ ነጭ ሩዝ። የመጀመሪያው ማንኪያ ጎመን ጎመን አለኝ። ሁለተኛው ላይ ምሬት መጣ፤ ሦስተኛው ላይ ከሩ የሚመጣ የተቆላ ነገር ጣዕም። በመጨረሻ ሚጥሚጣ ቢጤ ጉሮሮዬን ነካው። እህቴ ሣህኗን ጨርሳ ዳቦ ቆረሰች፣ ጋምቦው ውስጥ ነክራ፣ ተነሥታ ወደ መምህርቷ ሄደች። ጉርሻ ምን እንደሆነ ሳታስረዳ አጎረሰቻቸው። ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ገበታው በሳቅ ተሞላ። መምህርቷ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ የትራም ሹፌሩን በጣታቸው ጠቆሙ። ለእርሳቸውም ማለት ነበር። ደግሞም “አንድ ያጣላል” አልኩ በአማርኛ፤ እህቴ ተረጎመችላቸው። ስለዚህ ሁለተኛው ተደገመ።

ዕቃው ሲነሣ ከመጣው ሁለት ድስት የጾሙ ነበር ቀድሞ ያለቀው።

በእኛ ቤት

ለመሞከር ለሚፈልግ ባለሙያ በአገራችን ቅጠል እንዲህ ይሠራል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ የቀይ ሥር ቅጠል፣ የካሮት ቅጠልና ፐርሰሜሎ፤ ሰባት ሆነ። በደንብ ታጥቦ፣ በሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይቀቀል፤ ውኃው አይደፋ። ቅጠሉ ይከተፍ ወይም ይፈጭ። በሌላ ድስት ግማሽ ኩባያ ዘይትና ግማሽ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በመለስተኛ እሳት፣ ማንኪያው ሳይቆም፣ እንደ ተቆላ ቡና እስኪቀላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይማሰል። ካረረ ይደፋና እንደገና ይጀመር፤ ምሬቱ አይለቅም። ሽንኩርት፣ ሰለሪና ቃሪያ ይግባበት። ከዚያ ቅጠሉና የተቀቀለበት ውኃ ተጨምሮ አንድ ሰዓት ይንተክተክ። ጨው፣ ጥቂት ሚጥሚጣ፣ ከሩዝ ጋር።

ማኅበሩን ማቋቋም ግን ከወጡ ይቀልላል። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ ለስልክ የሚሆን አንድ ቅርጫት። አዲስ አበባም ውስጥ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሩን ዘግቶ ቆሞ የሚበላ ሰው ሞልቷል። እህቴ ኒው ኦርሊንስ ብቻዋን እንደነበረችው ሁሉ በእኛም ፎቅ አንድ ሰው “በላሁ” እያለ እናቱን እየዋሸ ይሆናል።

ከተመለስኩ በኋላ እህቴ በደወለች ቁጥር እኔ የእናታችንን ጥያቄ ወርሻለሁ። “ዛሬ ከማን ጋር በላሽ?” እላታለሁ። ባለፈው ሰኞ ስትደውል ግን ቀደመችኝ። ከበስተጀርባዋ ሳቅና የሣህን ኳኳታ ይሰማል። “ቆይ፣ እነርሱው ይንገሩሽ” ብላ ስልኩን ገበታው ላይ አዞረችው።